ጀማነሽ ከእድሩ የወጣችበት ጠዋት

ኪዱ እናቱን «ጀሚ» ብሎ ነው የሚጠራት። «እማዬ» የሚላት አያቱን፣ እትዬ አልጋነሽን ነው። ማንም አላስተማረውም። አፉን በፈታበት ወር ጀማነሽ ከሴቶች ብሔራዊ ቡድን ጋር ካምፕ ገብታ ነበር፤ ስትመለስ ቃሉ ተይዞ ጠበቃት። አንድ ሕፃን የመጀመሪያ ቃሉን አጠገቡ ላገኘው ሰው መስጠቱ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። እሷ በቀልድ ነበር የምታልፈው። «እኔም እማዬ ነው የምላት። እህትና ወንድም ሆነን አረፍነው በቃ!» ትላለች። ስትስቅ ግን ዓይኗ ከልጁ ላይ አይነሣም።

ጀማነሽ ግብ ጠባቂ ናት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሁለት ጣቶቿ ተሰብረው ሳይቃኑ ስለዳኑ ልብስ ስታሰጣ ገመዱን አይጨብጡም፤ ብቻቸውን ቆመው ይቀራሉ። ከእነሱ ጋር ጎረቤት ሆነን የምንኖረው ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ስድስት ቤት በአንድ ቧንቧ በሚጠቀምበት ግቢ ነው። እነሱ ወደ እኛ ግቢ የመጡት ካዛንቺስ ሲፈርስ ነው። ጎረቤቶቻቸው ከከተማው ዳር ዳር ቤት ተሰጥቷቸው ሲበተኑ እትዬ አልጋነሽ እምቢ አሉ። «የልጁ ትምህርት ቤት እዚህ ነው። እሷ አየር ላይ ናት። እኔ ደግሞ በዚህ እድሜዬ አዲስ መንገድ አልማርም» ብለው ሁለት ክፍል ተከራዩ።

የኪዱ አባት «ወይ ኳሱን ወይ እኔን» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን ሳይሰማ ነው የሄደው። ከዚያ በኋላ ቤቱ የቆመው በእናትና በልጅ ስምምነት ነበር። ጀማነሽ ሠላሳ ዓመት እስኪሞላት ትጫወታለች፤ እትዬ አልጋነሽ ልጁን ይይዛሉ። «ሠላሳ ሲሞላሽ ጓንትሽን ትሰቅያለሽ፣ ልጅሽን ትረከቢኛለሽ፣ እኔም አርፋለሁ» ይሉ ነበር። የደም ግፊት እንዳለባቸው ግቢው ሁሉ ያውቃል። መድኃኒቱን የሚውጡት ግን ሲያማቸው ብቻ ነበር፤ ያላመመው ሰው ለምን ይውጣል እያሉ።

ሌላም ሕግ ነበራቸው። ጀማነሽ ለጉዞ የምትወጣው ኪዱ ትምህርት ቤት በሄደበት ሰዓት ነው። አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ተሰናብታው የሻንጣዋን ማንገቻ ይዞ እስከ ባምቢስ አስፋልት ተጎትቷል፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቀችው ራሷ ናት። ኳስ እንዳያመልጣቸው የሠለጠኑ እጆች የልጃቸውን ጣት ሲያላቅቁ ምን እንደሚሰማቸው ልጠይቃት ፈልጌ አፌ አልታዘዘልኝም። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሁሉ ለልጁ የምትናገረው ከበሩ ጀርባ ያለች አንዲት ሚስማር ሆነች። ጓንቶቹ ሚስማሯ ላይ ከተሰቀሉ ጀሚ አገር ውስጥ አለች። ሚስማሯ ባዶ ከሆነች የለችም። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ከበሩ ጀርባ ነው። ባዶ ከሆነ ምንም አይጠይቅም፤ ቦርሳውን ያወርድና ምሳውን ይበላል።

ካዛንቺስ ሲፈርስ አብሮ ያልፈረሰ ነገር ቢኖር እድሩ ነው። ዱሮ ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው በየደጁ ይዞር ነበር። አባላቱ ከተማውን ሙሉ ከተበተኑ በኋላ የትኛውን ደጅ ይዙር? የእድሩ ጸሐፊ አቶ ሃብተአብ፣ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈቱ። መልእክቶቻቸው ሁሉ ቁጥርና ቀን አላቸው። እትዬ አልጋነሽ ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ እንጂ ሌላ ስላልነበራቸው በግሩፑ ውስጥ ለቤቱ ጆሮ ሆና የቆመችው ጀማነሽ ናት። ከየአገሩ ሆቴል ትደውልና «እማዬ፣ የእነ እገሌ አባት አርፈዋል፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው» ትላለች። እናቷም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይወጣሉ። የሰፈሩ ሞት ዳሬሰላም ደርሶ ወደ ቂርቆስ ሲመለስ ኖሯል ማለት ነው። ይህን ሳስብ አሁንም እገረማለሁ።

እዚህ ላይ ስለ እጸገነት መናገር አለብኝ። እጸገነት በቡድኑ የመሀል ተከላካይ ናት፤ ከጀማነሽ ፊት የምትቆመው እሷ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ውጭ አገር ጨዋታ ባላቸው ቀን ማለዳ የእጸገነት አባት ማረፋቸው ለቡድኑ ተደወለ። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በሩቅ አገር፣ ደግፎ የሚይዘው ዘመድ ለሌለው ሰው አይነገርም። አሠልጣኙ ጉርሜሳ አምበሏን ጀማነሽን ጠርቶ አማከራት። ብዙም አላሰበችም። «ከጨዋታው በኋላ፣ ቤቷ ስትገባ» አለች። እጸገነት ዘንድ ሄዳ «ስልክሽን አውሺኝ፤ የኔ ቻርጅ ጨርሷል» ብላ ተቀበለቻት፤ እስከ ማታም አልመለሰችላትም። እጸገነት የዚያን ቀን ከማዕዘን በተሻማ ኳስ በግንባሯ ግብ አገባች። የማዕዘኑ ባንዲራ ጋ ሮጣ እስክስታ ወረደች። ቪዲዮው ከእሷ ቀድሞ ለቅሶ ቤት ደረሰ። አጎቶቿ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው አዩት።

ስትመለስ ጀማነሽን «ያስጨፈርሽኝ አንቺ ነሽ» አለቻት። ከዚያ በኋላ የሚነጋገሩት ሜዳ ላይ ብቻ ሆነ። «የኔ!» «ልቀቂ!» «ከጀርባሽ!» ሌላ ቃል የለም።

ባለፈው ጥቅምት ቡድኑ ለማጣሪያ የመልስ ጨዋታ ኪጋሊ ሄደ። ጉርሜሳ ይታረቁ እንደሆነ ብሎ ሁለቱን አንድ ክፍል ደለደላቸው። ሐሙስ ማታ ጀማነሽ ቤት ስትደውል እናቷ ድምፃቸው ከበድ ብሎባቸው ነበር።

«ራሴን ትንሽ ይዞኛል። ዳማከሴ ጨምቄ ጠጥቻለሁ።»

«ሐኪም ቤት ሂጂ እንጂ፣ እማዬ! መድኃኒትሽን ውጠሻል?»

«ነገ ኪዱን ትምህርት ቤት ላድርስና። አንቺ ደግሞ ዝም ብለሽ ጨዋታሽን ተጫወቺ።»

ዓርብ በስልጠና አለፈ። ቅዳሜ ማታ ስትደውል የእናቷን ስልክ ያነሣችው ጎረቤታቸው ሀምዲያ ነበረች፤ ግቢያችን በር ላይ ሱቅ ያላት፣ ኪዱን ከራሷ ልጆች ለይታ የማታውቅ ሴት። «እማማ ተኝተዋል፤ ኪዱም ተኝቷል» አለች። ይህ ያጋጥማል። ጀማነሽም ተኛች።

እሁድ ጠዋት፣ በጨዋታው ቀን፣ ስልኳን ከፍታ እንደ ልማዷ የእድሩን ግሩፕ ፈለገች። የለም። ከላይ እስከ ታች ፈለገች፤ የለም። በመጨረሻ አንዲት መስመር አየች፤ ከግሩፑ እንድትወጣ ተደርጋለች።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እድር ሰውን ከመሬት ተነሥቶ አያስወጣም። የሞተ ሰው እንኳ ስሙ እስከ ዓመቱ አይሠረዝም። እድር አንድን ሰው እንዳያይ የሚፈልገው ምን ነገር አለ? ጀማነሽ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ጊዜ አልወሰደባትም። ስልክ እንዴት እንደሚደበቅ ራሷ ታውቃለች።

ቤት ደወለች። ሀምዲያ አነሣች።

«ሀምዲያ፣ እማዬን አቅርቢልኝ።»

«ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል እኮ። እሁድ አይደል?»

«ስልኳን ጥላ?»

«አዎ፣ ማለቴ… ባትሪው አልቋል ብለው ነው።»

«አሁን የምናወራው በእሱ አይደል እንዴ?»

 ከሀምዲያ ጀርባ ብረት በሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ተሰማ። ጀማነሽ ያንን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ የእድሩ አግዳሚ ወንበር ነው።

«ኪዱስ?»

«ትምህርት ቤት።»

«እሁድ?»

«ማጠናከሪያ አለ ተብሎ ነው… ወይ ጉድ፣ ኔትወርኩ ሊቆረጥ ነው መሰለኝ…» ተቆረጠ።

አቶ ሃብተአብ ዘንድ ደወለች።

«ጋሽ ሃብተአብ፣ እርስዎ ነዎት ከግሩፑ ያስወጡኝ?»

«ዝርዝር እያጠራን ነው፣ ልጄ። የአሠራር ጉዳይ ነው።»

«የሞተው ማነው?»

«ኧረ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ዛሬ ጨዋታ የለሽም? ሂጂ ተጫወቺ፤ አገር ይጠብቅሻል።»

አቶ ሃብተአብ ስለ ኳስ አንድም ቀን አንሥተውላት አያውቁም። ከዚህ በላይ ማረጋገጫ አያስፈልግም ነበር። ግን የማን ሞት? ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሀምዲያ ሁለቱንም አላቀረበቻትም።

መታጠቢያ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ግብ ጠባቂ ከጨዋታ በፊት ጓንቷን ታረጥባለች፤ እጇ ሌላ የሚሠራው ቢያጣ ቧንቧውን ከፍቶ ጓንቶቹን ውኃ ውስጥ ከተተ። ሐሙስ የእናቷ ራስ መያዙ ትዝ አላት። ዝናብ ሲጥል ኪዱ መንገድ የሚሻገርበት ቦታ ደግሞ ትዝ አላት፤ መኪኖቹ ከባምቢስ ሽቅብ እንዴት እንደሚመጡ። ሳሙናው ላይ አፍጥጣ ሳለ ከውስጧ አንድ ነገር ተነሣና ሳትጠራው ጸሎት ሆነ። እማዬ ትሁን። ጌታዬ፣ እማዬ ትሁን።

በሩ ተንኳኳ። እጸገነት ናት። ከቁርስ መመለሷ ነበር።

«ጀማነሽ። ስልክሽን አውሺኝ፤ የኔ ቻርጅ ጨርሷል።»

ጀማነሽ በሩን ከፈተች። እጸገነት ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ እጇን ዘርግታለች፣ ዓይኗ ግን መሬት ላይ ነው። አሠልጣኙ በቁርስ ሰዓት ለሁሉም ነግሯቸው፣ ይህችን ሥራ ለእሷ ሰጥቷት ነበር።

«ከማን ሰማሽ?» አለች እጸገነት ቀና ብላ የጀማነሽን ፊት ስታይ።

«ከማንም። እድሩ አስወጣኝ።»

እጸገነት ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ መለሰችው።

«እጹ፣ ሰው እንደሞተ አውቄያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ።»

እጸገነት የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። ከዚያ «ኪዱ ደህና ነው» አለች።

«ተመስገን!» አለች ጀማነሽ። የመታጠቢያውን ጠርዝ ያዘች። «ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን!» ስቃለች። ይህን ስትነግረኝ ደጋግማ ያለችኝ እሱን ነው። «ሳቅሁ እኮ። ጥርሴን መስታወቱ ውስጥ አይቼዋለሁ።»

ከዚያ መስታወቱ ውስጥ የእጸገነትን ፊት አየች። ያን ጊዜ ስለ ምን እንዳመሰገነች ገባት።

ቧንቧውን የዘጋችው እጸገነት ናት። «እኔን ቀኑንም ሌሊቱንም ሳላውቅ አስቀመጥሽኝ» አለች ቀስ ብላ። «ልበቀልሽ ነበር እኮ። ዛሬ ጠዋት ጉርሜሳ ሲነግረን ደስ ብሎኝ ነበር። ግን አቃተኝ። በቃ፣ እንዳላወቅሽ ሁኚ፤ አለዚያ ይገድለኛል። አውሮፕላንም እስከ ነገ የለም።»

ተጫወተች። ቡድኑ በሙሉ ምንም እንዳልሆነ አስመሰለላት፤ እሷም ምንም እንዳላወቀች አስመሰለችላቸው። ቦርሳዋን የሚይዝላት በዛ፤ ውኃ የሚያቀብላት በዛ። ሰባት ኳስ አዳነች። አንዷን እንኳ አታስታውስም። ዜሮ ለዜሮ ወጡ፤ በመጀመሪያው ጨዋታ ውጤት ከማጣሪያው ወደቁ። እናቷ ዓርብ ማታ አርፈው ቅዳሜ ቂርቆስ ተቀብረው ነበር፤ ሬሳቸው ሲወጣ ከኋላ የሚሄድ የሥጋ ልጅ አልነበረም። የነበረው የልጅ ልጅ ነው፤ በሀምዲያ እጅ ተይዞ።

ሰኞ ማለዳ ቦሌ የጠበቃት የሀምዲያ ባል ሙክታር ነው። ወደ ቤት አልነዳም። መስቀል ፍላወር ሰፈር፣ እህቱ ቤት ወሰዳት። ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ አቶ ሃብተአብ ነጭ ለብሰው ቆመው ነበር። «ልጄ፣ የፈጣሪ ፈቃድ ነው…» ብለው ጀመሩ። ሴቶቹ መሬት ላይ እንዳትወድቅ፣ ደረቷን እንዳትደቃ ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ። ጀማነሽ ቆማ ሰማቻቸው። እንባ አልመጣም። የተዘረጉት እጆች የሚይዙት አጥተው አየር ላይ ቀሩ።

ከዚያ ወደ ግቢያችን አምጥተዋት ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ሹክሹክታ ተከተላት።

«አታለቅስም እንዴ?»

«ኳስ ልቧን አደነደነው፣ ምን ታድርግ!»

«ያቺ ሴትዮ ልጇን አሳድጋላት፣ ወይኔ!»

ሁሉንም ሰማች። ቢያውቁ ከዚህ የባሰ ይሉ እንደነበር አሰበች። እንባዋን ኪጋሊ ላይ በተመስገን ቀይራዋለች፤ ሁለተኛ ከየት ታምጣ?

ኪዱ ከሀምዲያ ልጆች መሀል ተነሥቶ መጣ። ስድስት ዓመቱ ነው። አላቀፋትም። ፊቷ ቆሞ እጆቿን አየ።

«ጀሚ፣ መጣሽ?»

«መጣሁ። ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው፣ ድንኳን ሙሉ ለቀስተኛ እየሰማ፣ «እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» አለ።

ሀምዲያ አፏን ያዘች። «ኪዱዬ፣ የኔ ጌታ፣ በቃ አሁን መናገር ይቻላል።»

«አይቻልም። አንቺ ነሽ አትንገራት ያልሽኝ።»

«እሱማ ብዬህ ነበር…»

«ከነገርካት ኳስ ይገባባታል ብለሻል።» ወደ እናቱ ዞረ። «ገባብሽ?»

«አልገባብኝም» አለች ጀማነሽ።

«እኔ ስላልነገርኩሽ ነው» አለ። ፊቱ ላይ ኩራት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ሞት ብቻውን ተሸክሞ፣ በስድስት ዓመት ጉልበቱ፣ የእናቱን ግብ ጠብቋል። እዚያ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ መሬት መሬቱን ከማየት በቀር የቻልኩት የለም።

ጀማነሽ ተንበረከከች። «አሁን ጨዋታ የለም» አለችው።

«ነገም?»

«ነገም የለም።»

ልጁ አሰበበት። ከዚያ አፉን ጆሮዋ ላይ አድርጎ፣ እንደ ምሥጢር፣ «እማዬ ሞታለች» አላት። መርዶዋን ያረዳት እሱ ነው። ጀማነሽ የጮኸችው ያን ጊዜ ነው። ሴቶቹ አሁን የሚይዙት አገኙ።

አርባው ከወጣ በኋላ አቶ ሃብተአብ ወደ ግሩፑ መልሰው አስገቧት። «ይቅርታ፣ ልጄ፣ ለአንቺው ብዬ ነበር» አሏት። ወደ ኋላ ሄዳ አነበበች። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከአምስት፣ ጸሐፊው አስወጥተዋታል። ሁለት ሰዓት ከአሥራ ስምንት፣ በቁጥርና በቀን፣ የእትዬ አልጋነሽ ማረፍ ተነግሯል። በመሀሉ አሥራ ሦስት ደቂቃ አለ። «በእነዚያ አሥራ ሦስት ደቂቃዎች እኔ ስልጠና ላይ ነበርኩ» አለችኝ። «ኳስ እየያዝኩ።»

በጥር ጉርሜሳ ደወለላት፤ የካምፕ ጥሪ ነበር። «አልችልም» አለችው። «ልጁን ማን ይያዝልኝ?» ሀምዲያ «እኔ አለሁ አይደል!» ብላ ነበር። የሀምዲያን ሱቅ ግን የወረዳ ሰዎች ይፈርሳል ብለው ለክተውት ሄደዋል፤ ወዴት እንደምትሄድ እሷም አታውቅም። እጸገነት መልእክት ላከችላት፤ አንድ ቃል። «የኔ» የሚል። ሜዳ ላይ ኳሱን ተዪው፣ እኔ አለሁ ለማለት ነው የሚጮኸው። ጀማነሽ አልመለሰችላትም።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላት አምስት ወር ሲቀራት ኳስ አቆመች ማለት ነው። እናቷ ቃላቸውን ጠብቀው አርፈዋል። ልጁን ተረክባለች። አሁን ጠዋት እየወሰደችው፣ ከሰዓት እየመለሰችው፣ ቀሪውን ሰዓት ካዛንቺስ አዲስ ሕንፃ ውስጥ ጽዳት ትሠራለች፤ የድሮ ቤታቸው ከነበረበት ራቅ ሳይል። ቦታውን ልትለየው ሞክራ አልቻለችም።

ጓንቶቹን ለክለቡ ታዳጊ ግብ ጠባቂ ልትሰጥ አንድ ቀን ከሚስማሯ አውርዳ ፌስታል ውስጥ ከተተቻቸው። ያን ቀን ኪዱን ከትምህርት ቤት ራሷ አምጥታው ነበር፤ እጁን ይዛ ነው ወደ ቤት የገቡት። ልጁ እንደ ልማዱ ከበሩ ጀርባ አየ። ሚስማሯ ባዶ ናት። እጁን ከእጇ ቀስ ብሎ አወጣ። ቦርሳውን አወረደ። ምንም አልጠየቀም። ተቀምጦ ምሳውን መብላት ጀመረ።

«ኪዱ፣ እዚህ ነኝ እኮ» አለችው።

አላየትም። ማኘኩን ቀጠለ፤ በሄደች ቀን እንደሚያደርገው።

ጓንቶቹን ከፌስታሉ አውጥታ መልሳ ሰቀለቻቸው። ዛሬም እዚያው ናቸው። መዳፋቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ማንም አያረጥባቸውም። በየቀኑ ከሰዓት አብረው ይገባሉ፤ ልጁ መጀመሪያ ሚስማሯን ያያል፣ ከዚያ «ጀሚ፣ አለሽ» ይላታል። በዚያ ቤት ውስጥ እማዬ የሚባል ሰው የለም።